በዓይኔ አይቼ

ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሙጫው ገና ሳይደርቅ ልጃገረዶቹ እየተጋፉ ከበቡት። የዘጠነኛ ክፍል የአኽላቅ ውጤት ነበር፤ የሥነ ምግባር ማለት ነው። ከሁሉም በላይ፣ መቶ ከመቶ አምጥታ፣ ጭምት። ከሁሉም በታች፣ አርባ አንድ ከመቶ፣ ሬዲዮ።

እርግጥ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው የመዝገብ ስማቸው ነው። ክፍል ውስጥ ግን በመዝገብ ስማቸው የሚጠራቸው የለም። ጭምት ይህን ስም ያገኘችው አንገቷን ደፍታ ስለምትሄድ ነው። ሬዲዮ ደግሞ ባትሪዋ ስለማያልቅ።

«አንደኛዋም መጨረሻዋም የእኛ ዴስክ!» አለች ሬዲዮ፣ የጭምትን ትከሻ እየመታች። «ጀነትና ጀሀነም አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠው ሲማሩ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሁሉም ሳቁ። ጭምት አልሳቀችም። በመጀመሪያው መንፈቅ ሬዲዮ አርባ ስድስት ነበር ያገኘችው። በሁለት ተከታታይ መንፈቅ ከሃምሳ በታች ያመጣች ልጅ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ ትሰናበታለች። ሬዲዮም ይህን ታውቃለች። የሳቀችው እያወቀች ነው።

የአኽላቅ ውጤትን መምህራቸው፣ ኡስታዙ፣ የሚያሰላው ከሶላት መከታተያው ነው። ተማሪዎቹ በየሳምንቱ አንድ ወረቀት ይሰጣቸዋል፤ ሰባት ቀን፣ በቀን አምስት ሶላት፣ ሠላሳ አምስት ሳጥን። በሰዓቱ የሰገደች ምልክት ታደርጋለች፣ ያመለጣት ባዶ ትተወዋለች፣ አንድ ሳጥን ባዶ የሆነበት ቀን ሙሉውን ዜሮ ይሆናል፣ ከሥር ወላጅ ይፈርማል። ሬዲዮ የሱብሂን፣ የንጋቱን ሶላት፣ ሳጥኖች አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነበር የምትተዋቸው። «ተኝቼ ነበራ! ምን ብዬ ልሙላው?» ትላለች። ሌሎቹ ጠዋት በር ላይ ቆመው፣ አንዷ የሌላዋን ጀርባ እንደ ጠረጴዛ እየተጠቀመች፣ በአንድ ትንፋሽ ይሞሉታል።

ጭምትም ትሞላለች። መጀመሪያ ሁለት ቀን እንቅልፍ ጥሏት ስላፈረች ሞላች። በሚቀጥለው ሳምንት አራት ቀን ተኛችና ሞላች፤ ያን ጊዜ እፍረቱ ቀንሶ ነበር። አሁን ሱብሂን የሰገደችበትን ቀን አስቢ ቢሏት አታስታውስም።

እናቷ የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ናት። የሠራተኞች መኪና ከቤት የሚወስዳት የንጋቱ የሶላት ጥሪ፣ አዛን፣ ሳይባል ነው። ከሰዓት በኋላ እጇ በሳሙና ተጨማዶ ትመለሳለች፣ ጥቂት ጋደም ትላለች፣ ከዚያ ደብተሯን በላስቲክ ጠቅልላ ወደ ጎልማሶች ትምህርት ትሄዳለች። በሰባት ወር ማንበብ ጀምራለች። ያገኘችውን ሁሉ ነው የምታነበው፤ የሳሙና ካርቶን፣ የመድኃኒት ብልቃጥ። አንድ ቀን የጎረቤት በር ላይ ቆማ «ከውሻ ተጠንቀቁ» የሚለውን ፊደል በፊደል ከጨረሰች በኋላ፣ «ውይ! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ ስገባ ስወጣ!» ብላ ጎረቤቱን ሁሉ አስቃለች።

ውጤቱ የተለጠፈ ዕለት ማታ ራት እንደተነሳ «ወረቀትሽን አምጪው» አለች። «ዛሬ አንብቤ ነው የምፈርመው።»

«እማ፣ ሁሌ የምትፈርሚው እኮ ነው።»

«ሁሌ የምፈርመው ምን እንደሆነ ልወቀው እንጂ!»

ጭምት ወረቀቱን አስቀመጠችላት፤ ውጤት ቢወጣም እስከ መዝጊያው ቀን መፈረሙ አይቀርም። እናቷ ጣቷን ከፊደሎቹ ሥር እያስኬደች ጀመረች። «እኔ... ወላጅ... ልጄ ሶላቷን... በሰዓቱ መስገዷን... በዓይኔ አይቼ... በአላህ ፊት... እመሰክራለሁ።» ሳትሳሳት በመጨረሷ ፈገግ አለች። ከዚያ ያነበበችው ገባትና ፈገግታው ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«በዓይኔ አይቼ ነው የሚለው?»

«አዎ።»

«ሱብሂ ስትሰግጂ እኔ መቼ አይቼሽ አውቃለሁ?»

«ፎርም ነው እማ። ሁሉም ሰው ይፈርማል።»

«ወረቀቱ ደርሶኛል ማለት ነው አላልሽኝም?»

ጭምት በእርግጥም እንዲህ ብላት ነበር።

«ስንት ሆነ የፈረምኩት?»

«እኔ እንጃ። ሠላሳ ምናምን።»

እናቷ እስክሪብቶውን አስቀመጠች። «ሠላሳ ጊዜ በሐሰት መስክሬያለሁ? ያውም በአላህ ፊት?» ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር። «ሰግደሻል ግን አይደል? አይደል ልጄ?»

«ሰግጃለሁ» አለች ጭምት። ቃሉ ሳታስበው እንደ ሳል ወጣ።

እናቷ አልፈረመችም። «ነገ ኡስታዝ ዘንድ እሄዳለሁ። ሳይገባኝ ነው የፈረምኩት፣ ይሰረዝልኝ እላቸዋለሁ።»

በማግስቱ ግማሽ ቀን ባልደረባዋ እንድትሸፍንላት ለምና መጣች። የኡስታዙ ቢሮ ጠባብ ነው፤ ጠረጴዛው፣ መስኮቱ፣ ወለሉ ሳይቀር የተማሪ ወረቀት ሞልቶታል። ኡስታዙ ክፉ ሰው አይደለም። እናቷ ስትገባ ከወንበሩ ተነስቶ እሷን አስቀመጣት፣ እሱ ቆሞ አዳመጣት።

«አይጨነቁ እህቴ» አለ ስትጨርስ። «ኒያዎ፣ ሐሳብዎ፣ ንጹሕ ነው፣ አላህ ልብዎን ያውቃል። ደግሞ ደስ ሊልዎት ነው የሚገባው። ልጅዎ አንደኛ ወጥታለች! የመዝጊያው ቀን አብራችሁ መድረክ ላይ ትወጣላችሁ።»

«እሱ ይቅርብኝ። ፊርማዬን ብቻ ይሰርዙልኝ።»

«ፊርማው ከተሰረዘ ውጤቷም አብሮ ይሰረዛል እኮ።»

እናቷ ጭምትን አየቻት፣ ከዚያ እጇን። የልጇን ውጤት የምታበላሽ እናት መሆኗ ነው እንግዲህ። አንገቷን ደፋች፣ ልክ ጭምት እንደምትደፋው።

«ሱብሂ አልሰገድኩም» አለች ጭምት። «ወረቀቱን ዝም ብዬ ነው የምሞላው። ማታም እናቴን ዋሽቻታለሁ።»

እናቷ ቀና አላለችም። ኡስታዙ ሄዶ በሩን ዘጋው። ሲመለስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር እንጂ አልተቆጣም።

«ስሚኝ ልጄ። አላህ የሸፈነልሽን ወንጀል አንቺ አደባባይ አታውጪው። ተውበት አድርጊ፣ ተጸጽተሽ ተመለሺ። በአንቺና በጌታሽ መካከል ይለቅ።»

ይህን ክፍል ውስጥ አስተምሯቸዋል። ጭምት እውነት መሆኑን ታውቃለች። እውነት ሆኖ ሳለ ለምን እንዲህ እንዳስጨነቃት ነው ያልገባት።

«ሬዲዮስ?» አለች። «የመጨረሻዋ። እሷ እኮ የወደቀችው እውነቱን ስለጻፈች ነው።»

ኡስታዙ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸ። «ደንብ ነው። ለአንድ ልጅ ብዬ ይህን ወረቀት ከነካሁ የሁሉንም ወረቀት መንካት ሊኖርብኝ ነው። የሁሉንም!»

ያን ጊዜ ነው የገባት። ያውቃል። ሁሉም በሐሰት እንደሚሞሉ ድሮም ያውቅ ነበር።

መንገድ ላይ እናቷ ቀድማት ሄደች። አስፋልቱን ከተሻገሩ በኋላ ብቻ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ምነው ባላነበብኩት ኖሮ» አለች። ያን ቀን ወደ ጎልማሶች ትምህርት አልሄደችም። በማግስቱም አልሄደችም። ደብተሩ እንደተጠቀለለ ቁምሳጥን ላይ ተቀመጠ።

ሐሙስ ጭምት ሬዲዮ ቤት ሄደች። ሬዲዮ ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር። የመሰናበቻ ደብዳቤው ደርሷታል።

«ለኡስታዝ ነገርኩት» አለች ጭምት። «ሁሉንም።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ምንም።»

ሬዲዮ አንድ ሸሚዝ ጨምቃ አራገፈች። «እና እኔ ምን ላድርግሽ? ላጨብጭብልሽ?»

«ይቅርታ ልልሽ ነው የመጣሁት።»

«የአንቺ ይቅርታ ምን ይሠራልኛል? አባቴ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ከጓደኞችሽ ሁሉ ምነው አንቺ ብቻ ከሃዲ፣ ካፊር ሆነሽ ተገኘሽ› ነው ያለኝ።» ሬዲዮ ልትስቅ ሞከረች፤ አልመጣላትም። «ወላሂ፣ እኔ እኮ ዙህርንም አስርንም፣ መግሪብንም ኢሻንም፣ አራቱንም አልተውም ነበር። የጻፍኩትን ሁሉ ሰግጄዋለሁ። አሁን ግን አንዱንም አልሰግድም። መስገጃውን ስዘረጋ ያ ወረቀት ይታየኛል።»

«እንዲህ አትበይ...»

«በቃ ሂጂ። ሬዲዮ ተዘግቷል።»

ቅዳሜ አዳራሹ ሞላ። ተማሪዎቹ በግራ፣ እናቶች በቀኝ፣ አባቶች ከኋላ። የጭምት እናት መምጣት አልፈለገችም ነበር። ኡስታዙ ራሱ ስልክ ደውሎ ሲጋብዛት ግን እምቢ ማለት አልቻለችም። ደህና ሻርቧን ለብሳ፣ ዳር ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣለች።

«በአኽላቅ አንደኛ» አለ ኡስታዙ በማይክ፣ የጭምትን ሙሉ ስም ጠርቶ። «ከወላጅ እናቷ ጋር!»

ጭብጨባው ተነሳ። ጭምት አልተነሳችም።

«ተነሺ እንጂ!» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ፣ በክርኗ እየጎሸመቻት። «ምን ሆነሻል? ሰው እያየን ነው።» ከዚያ ጠጋ ብላ በጆሮዋ ሹክ አለቻት። «ሁላችንም ሞልተናል። አንቺ ከማን ትበልጫለሽ?»

ከማንም አልበልጥም፤ ልትላት የፈለገችው ይህን ነበር። ሬዲዮ አትመለስም። ኡስታዙ በሚቀጥለው ዓመትም ያንኑ ወረቀት ያድላል። እሷ ብትነሳም ባትነሳም ለውጥ የለውም።

ስሟ ለሁለተኛ ጊዜ ተጠራ። በቀኝ በኩል ሴቶቹ እናቷን እየሳቁ፣ «እንኳን ደስ አለሽ» እያሉ ገፋፏት። እናቷ ከወንበሯ ግማሽ ተነስታ፣ ቦርሳዋን እንደያዘች፣ በሰው ሁሉ አናት ላይ ልጇን ፈለገች።

ዓይን ለዓይን ተገናኙ። ጭምት ራሷን በዝግታ ነቀነቀች። አይሆንም።

እናቷ የሴቶቹን እጅ ከትከሻዋ ላይ አነሳች። ከዚያ ተቀመጠች።