አቡጀዲ የለበሰው ቀሚስ

ኮንስታንስ ሃርግሪቭ የሞተችው በሁለት ቀሚሶች ፊት ነው። ለንደን ውስጥ፣ ሙዚየም ከሆነ በቆየ አንድ አሮጌ ቤተ መንግሥት፣ «ከዙፋን እስከ መድረክ» የተባለው ዐውደ ርዕይ አርብ ሊከፈት ቀጠሮ ተይዞለት ነበር። ረቡዕ ጠዋት ግን አዘጋጅዋ ራሷን በከባድ ካውያ ተመትታ አዳራሹ ወለል ላይ ተዘርራ ተገኘች። እውነቱን ለመናገር እንባ ያወጣላት ሰው አልነበረም፤ ሰውን በሰው ፊት ማዋረድ የምትወድ ሴት ነበረች።

ኢንስፔክተር ሄስተር ብራግ ሬሳውን አየችና ዓይኗን ወደ ቀሚሶቹ አነሳች። በስተቀኝ የቆመው ነጭ ሐር፣ መሬት የሚጎትት ጀርባ ያለው ነው። ከሥሩ «ዋናው፤ ከመቶ ዓመት በፊት በንግሥቲቱ ፊት የተለበሰ» ይላል። ደም ተረጭቶበታል። በስተግራ ያለው ከአንገቱ እስከ ጫፉ በአቡጀዲ ተሸፍኗል፤ ደሙ ያረፈውም አቡጀዲው ላይ ነው። ሄስተር ጨርቁን ገለጥ አደረገችው። ከሥሩ የመጀመሪያው መንታ የሚመስል፣ ብብቱ የተቀደደ ቀሚስ አለ። ጽሑፉ «ቅጂ፤ ዘፋኟ ታንሲ ኬን ለሽልማት ምሽት የለበሰችው» ይላል።

«መጀመሪያ ሸፈነ፣ ከዚያ መታ» አለች ለራሷ። «ይሄ በድንገተኛ ንዴት የተደረገ አይደለም።»

ከኮንስታንስ ጋር አምሽተው የነበሩት ሦስት ሴቶች ብቻ ናቸው፤ ሦስቱም በሕይወት ትቻት ወጣሁ ይላሉ። ሄስተር መጀመሪያ የጠራችው የሙዚየሙን ልብስ ጠጋኝ ፊሊፓ ግሪንስሌድን ነበር።

«እኔን ነው የጠረጠሩት፣ አይደል?» አለች ፊሊፓ ገና ሳትቀመጥ። «አቡጀዲው ከእኔ ጠረጴዛ ነው የተወሰደው።»

«ለልብስ የሚሳሳ ሰው ነው የሸፈነው።»

«ታዲያ እኔ ብሆን ቅጂውን ሸፍኜ ዋናውን ደም አስነካለሁ? ያምዎታል እንዴ!»

ሄስተር ሳቀች። «ከእርስዎ በፊት እዚህ ልብስ የሚጠግነው ማን ነበር?»

«ኦልዌን ፕራይስ። ምስኪን! ከሽልማቱ በኋላ ቀሚሶቹ ሲሰቀሉ ‹ይሄ ዋናው አይደለም› ብላ ድርቅ አለች። ኮንስታንስ ሠራተኛውን ሁሉ ሰብስባ ‹ዓይኗም አእምሮዋም ሄዷል› አለቻትና አሰናበተቻት። እብዷ ኦልዌን እንደተባለች ባለፈው ክረምት ሞተች።»

ታንሲ ኬን ጥቁር መነጽሯን ሳታወልቅ ገባች።

«ገዳይ እኔ አይደለሁም፣ እመቤቴ። ሟች ግን ልሆን ነበር፤ ያ ቀሚስ አንቆ ሊገድለኝ!»

«በልክሽ አይደል የተሰፋው?»

«እሱን ነው የሚሉኝ! ሦስት ሴቶች ተረባርበው ነው የቆለፉልኝ። ሲያስነጥሰኝ ብብቱ ጠረረ አለ። ደግሞ አዲስ ልብስ እንዴት የአሮጌ ሳጥን ሽታ ይሸታል?»

«ለኮንስታንስ ነገርሻት?»

«ዝም በይ አለችኝ። ትናንትም፣ መቅደድሽን ለጋዜጠኞች ልንገር ወይ እያለች ስታስፈራራኝ አመሸች። ጠልቻታለሁ፤ አልክድም።»

መጨረሻ የመጣችው ቅጂውን የሰፋችው ኔሳ ኮርቤት ነበረች። ጸጥ ያለች ሴት ናት፤ የጣቷ ጫፍ በመርፌ ጠንክሯል። ትናንት የቀሚሶቹን እጥፋት ልታስተካክል ነበር የተጠራችው።

«ያንቺ ሥራ የትኛው ነው?» አለቻት ሄስተር።

«የግራው። ቅጂ ተብሎ ተጽፎበት የለ?»

«በደንብ አይተሽዋል?»

«የገዛ እጄን ላጣው ነው?»

ሄስተር ሜትር ተውሳ ብቻዋን አዳራሹ ገባች። ስትወጣ ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱን ሴቶች ቀሚሶቹ ፊት ሰበሰበች። ከዚያ ወደ ሁለት ፖሊሶች ዞር ብላ «ይሄ የተቀደደ ቅጂ ለማንም አይጠቅምም። አውጡና ጣሉት» አለች።

ታንሲ ትከሻዋን ነቀነቀች። ፊሊፓም ለፖሊሶቹ መንገድ ለቀቀች። አንደኛው ፖሊስ እጁን ወደ ቀሚሱ ትከሻ ሲዘረጋ ግን ኔሳ ጮኸች።

«በትከሻው አትያዘው! ይበጣጠሳል! ከሥሩ፣ በሁለት እጅህ!»

ፖሊሱ እጁን ሰበሰበ።

«ለቅጂ እንዲህ አይጮህም» አለች ሄስተር በቀስታ። «የቀኙ ቀሚስ ወገቡ ለታንሲ ልኳ ነው፤ ማሳያው አሻንጉሊት ላይ እንዲጠብ ከጀርባው በመርፌ ተይዟል። የግራው ግን ለማንም የዛሬ ሴት አይገባም። ዋናው የግራው ነው፤ ገዳዩም ይህን አውቆ ነው የሸፈነው። ታንሲን ያነቃትም፣ አሮጌ ሳጥን የሸተታትም እሱ ነው። ፊሊፓ ይህን አታውቅም፤ ብታውቅ ‹እኔ ብሆን ዋናውን ነበር የምሸፍነው› ብላ አትነግረኝም ነበር። ታንሲም አታውቅም፤ ብታውቅ ስለ ጥበቱ አፏን አትከፍትም። የሚያውቅ ሰው የገዛ ስፌቱን የሚለይ ብቻ ነው። አንቺ ግን የሌላ ሰው ሥራ የኔ ነው ብለሽ ዋሸሽኝ።»

ኔሳ ሄዳ የተቀደደውን ብብት በጣቷ ገጠመችው።

«ከአንቺ በፊት ይህን ያወቀችው አንዲት ሴት ብቻ ናት። ኦልዌን ፕራይስ ምንሽ ናት?»

«እናቴ ናት» አለች ኔሳ። ፊሊፓ አፏን በእጇ ያዘች። «ኮርቤት የባሌ ስም ነው። ቅጂው ለሽልማቱ ምሽት አልደረሰልኝም ነበር፤ ኮንስታንስ ቅጂ ነው ብላ ዋናውን ለታንሲ አለበሰቻት። ሲቀደድባት የእኔን አዲሱን ዋና አድርጋ ሰቀለችው። አንድ ሰው ብቻ አወቀባት። እሷን አበደች አለቻት! እናቴ ስትሞት ‹ኔሳ፣ ምናልባት እውነትም አብጄ ይሆን?› አለችኝ። ቀሚሶቹን ከተሰቀሉ ወዲህ አይቼ አላውቅም ነበር። ትናንት ስገባ፣ የገዛ እጄ ዋና ተብሎ ቆሟል!»

«እና ጠየቅሻት።»

«ጽሑፉን ቀይሪ፣ የእናቴን ስም አጽጂልኝ ብዬ ለመንኳት። አቡጀዲውን እያለበስሁ ነው የለመንኳት፤ መልሷን አውቀው ነበር። ‹የእብድ ልጅ› አለችኝ። ካውያው አጠገቤ ነበር። አልቆጨኝም።»

ሄስተር ብዙ ነፍሰ ገዳይ አይታለች፤ የዚህችን ሴት ዓይን ግን ትኩር ብላ ማየት ከበዳት። «እናትሽ አላበደችም» አለቻት። «ትክክል ነበረች።»

ፊሊፓ ማንም ሳያዛት ተነሳችና ሁለቱን ጽሑፎች አቀያየረች። ኔሳ እጆቿ በካቴና ታስረው በሩ ጋ ስትደርስ ወደ ፊሊፓ ዞር አለች።

«የቀኙን እንዳታጥቢው» አለቻት። «የእኔ ሥራ ነው፤ ደሟ እንዳለበት ይቀመጥ። በግራው ግን ማን እንዳወቀው ጻፊበት። ኦልዌን ፕራይስ ብለሽ፣ በትልቁ።»

ፊሊፓ እስክሪብቶ ፈለገች።