ነጭ ሰሌዳው ላይ የተጨመረችው አንድ

የፕሮግራም ሠሪዎቹ አለቃ ሥራ ፈላጊዎችን በሚፈትንበት ክፍል ውስጥ ጭንቅላቱ ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተላትሞ ሞቶ ተገኘ። ባልደረቦቿ «መርፌዋ» የሚሏት መርማሪ ግን ዓይኗን ከነጩ ሰሌዳ አልነቀለችም። በጥቁር ቀለም ጥቂት የኮድ መስመሮች ተጽፈዋል፤ ከአንዱ መስመር ጫፍ በሰማያዊ «+ 1» ተጨምሯል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ሬሳውን ያገኘችው ወጣቷ የቡድን መሪ እንባዋን ጠረገች። «በተራ ከተደረደሩ ቁጥሮች አንዱን መፈለጊያ ነው፤ መሃሉን እያየ ግማሹን እየጣለ ይሄዳል። አለቃችን ሆን ብሎ ያቺን አንድ ያስቀራታል፤ ስህተቱን ያገኘ ይቀጠራል። የዛሬው ተፈታኝ አላገኘውም። እንግዳ መቀበያ አስቀምጬው፣ ስልክ አውርቼ ስመለስ አለቃችን ወድቋል፤ አንዷም ተጽፋለች። ከሰዓት ደግሞ በዚሁ ጥያቄ ሌላ ሰው ልንፈትን ነበር።»

መርፌዋ በቢሮው ወደነበረው ሦስተኛ ሰው፣ ወደ ነባሩ ፕሮግራም ሠሪ ሄደች።

«ጋሼ፣ የመሪነቱን ፈተና ወድቀዋል አሉ።»

«ወደቅኩ። ይኼ መሥሪያ ቤት የሚሠራው በእኔ ኮድ ነው፤ ወንበሩ ግን እንቆቅልሽ ለፈታች ልጅ ተሰጠ። አናጢ ሲቀጠር ስለ ዛፍ ዘር ይጠየቃል እንዴ? እኔ እንዲህ ያለውን የሰሌዳ እንቆቅልሽ አላውቅም፤ ላውቀውም አልፈልግም።»

መርፌዋ በልቧ «እውነቱን ነው» አለች። እውነት ተናጋሪ ሁሉ ግን ንጹሕ አይደለም። ወጣቷ በመስታወቱ በኩል ስታልፍ የሰውዬው ዓይን እስክትሰወር ተከተላት። ቅናት እንደ ጢስ ነው፤ በር ቢዘጉበትም በቀዳዳ ይወጣል።

መርፌዋ ለወጣቷ በጆሮዋ አንድ ነገር ነግራት እሷን፣ ነባሩንና ተፈታኙን ሰሌዳው ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ይህችን ቁጥር የጨመራት መጨረሻ ላይ ከሟቹ ጋር የነበረው ሰው ነው። እስቲ ለምን እንደተጨመረች አስረጂን።»

«ቆጠራው ከአንድ እንዲጀምር ነዋ» አለች ወጣቷ።

ተፈታኙ በመስማማት ራሱን ነቀነቀ። ነባሩ ብድግ አለ።

«እቺን ነው በላዬ የሾሙት። ምን ቆጠራ አለው? ሁለት ቁጥር ብቻ ሲቀር መሃሉ ያው የመጀመሪያው ይሆናል። አንድ ካልጨመርሽበት ፍለጋው እዚያው ሲሽከረከር ይኖራል።»



«አሳስተሽ አስረጂ ያልኳት እኔ ነኝ» አለች መርፌዋ። «ተፈታኙ አሁንም ስህተቱን አላየም፤ ያላየውን ሊያርም አይችልም። እሷ ለከሰዓቱ ተፈታኝ የተዘጋጀውን ወጥመድ በገዛ እጇ አታፈርስም፤ ወንበሩም በእጇ ነው። አላውቅም ያሉኝ እርስዎ ግን እንደ መምህር አስረዱን። ማንም ሳያይ አጥንተውታል፣ ጋሼ።»

ነባሩ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«ዓመት ሙሉ ተደብቄ አጠናሁ። ዛሬ ገብቼ ዓይኑ እያየ አረምኩለት። ‹እንደገና ፈትነኝ› አልኩት። ሳቀ። ‹አንተ ሸምድደህ ነው፤ እሷ አስባ ነው› አለኝ። ገፋሁት። እንዲሞት አልነበረም።»

«ሰሌዳውን ጠረግ ቢያደርጉት እኮ ማንም አይደርስብዎትም ነበር።»

ነባሩ መርማሪዋን አላየም፤ ወጣቷን ነበር የሚያየው።

«መጥረጊያውን አንስቼ ነበር» አለ። «ግን መልሱ ልክ ነበር።»