ያልተላለፉት ሁለት ንጉሦች

ሆሊስ ግሬንጀር ከሞተ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በቴሌቪዥን ይስቅ ነበር።

ኢርማ የምትባል የሆቴሉ የጽዳት ሠራተኛ አይታዋለች። በምድር ቤቱ የሠራተኞች መተላለፊያ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን ፊት ለአፍታ ቆማ፣ ሽማግሌው ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ በካርታ ጠረጴዛው አጠገቡ በተቀመጠው ሰው ሲያሾፍ ተመለከተች። ፈገግ አለች። ከዚያም ጋሪዋን እየገፋች ሄዳ የአደጋ ጊዜ ደረጃውን በር ከፈተች።

ያው ሽማግሌ በሲሚንቶው ላይ ተዘርግቷል። ያው ባርኔጣ ከራሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ወድቋል።

ዘወር አለች። በስተኋላዋ፣ በቴሌቪዥኑ መስታወት ውስጥ፣ ሰውዬው አሁንም ይስቃል።

የጥበቃ ሠራተኛው ሮጦ ሲመጣ የነገረችው ይህንኑ ነው፤ «እዚህም አለ፣ እዚያም አለ።»

ነገሩ ምትሐት አልነበረም። በላስ ቬጋስ የሚካሄደው ያ ፖከር የሚባል የካርታ ቁማር ውድድር ለሕዝብ የሚታየው አንድ ሰዓት ዘግይቶ ነው። የተጫዋቾቹ ካርታ በቴሌቪዥን ስለሚገለጥ፣ ከተመልካች አንዱ ለተጫዋች ሹክ እንዳይል ነው የሚዘገየው። ስለዚህ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ኢርማ ያየችው ሳቅ የስምንት ከሩብ ሳቅ ነበር። ይህ ሁሉ ከተብራራላት በኋላም ግን ኢርማ በዚያ መተላለፊያ ዳግመኛ አላለፈችም።

በዚያው ሰዓት ቨርና ፒኬት በአራተኛው ፎቅ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ተቀምጣ የሟቹን ካርታ ትመዘግብ ነበር። መሞቱን አላወቀችም።

ሥራዋ ይህ ነው። ከጠረጴዛው ጨርቅ በታች ካርታ የሚያነብ መሣሪያ ተቀብሯል፤ ተጫዋቹ ደብቆ የያዛቸውን ሁለት ካርታዎች በዚያው ቅጽበት የምታያቸው እርሷ ብቻ ናት። ጠዋት ስትገባ ስልኳን ሣጥን ውስጥ ቆልፈው ያስቀምጡታል። በሩ ላይ ዘበኛ ይቆማል። በቁማር አዳራሽ ሰዓት አይሰቀልም፤ በእርሷ ክፍል ግን አንድ አለ፣ ሲሄድም ይሰማል።

አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆሊስን ካርታ አይታለች። መቼ እንደሚዋሽ፣ መቼ እንደሚፈራ ታውቃለች። ደንቡ ከተጫዋች ጋር መነጋገርን ስለሚከለክል ግን አንድ ቀን እንኳ ደኅና ዋልክ ብላው አታውቅም።

እረፍቱ ከስምንት ተኩል ጀምሮ ለዘጠኝ ሰዓት አሥር ደቂቃ እስኪቀር ነበር። ሌሎቹ ተመለሱ። ሆሊስ አልተመለሰም።

በዚህ ጨዋታ የቀረ ሰው ወንበር አይነሣም። ካርታ የሚያድለው ሠራተኛ፣ አዳዩ፣ ለባዶው ወንበር እንደ ሰው ካርታ ይሰጠዋል። የግዴታ መዋጮውን ገንዘብ ከሚወክሉት ክብ ጠጠሮቹ ላይ ያነሣለታል። ካርታውን ግን ባለቤቱ የለምና ሳይገልጥ መልሶ ይሰበስበዋል። ጠጠሮቹ እስኪያልቁ ወንበሩ ይጫወታል።

ቨርና ይህን ብዙ ጊዜ አይታለች። ያን ቀን ግን በሦስተኛው ዙር ለባዶው ወንበር የደረሱትን ካርታዎች ስታይ ብዕሯ ቆመ። ጥቁር ንጉሥ፣ ቀይ ንጉሥ። ከእረፍቱ በፊት በመጨረሻው ዙር ሆሊስ የያዛቸው እነዚያው ሁለቱ ነበሩ።

ጻፈችው። በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉትም ወደዚያ ወንበር ማየት መተዋቸውን አስተዋለች።

ከዚያ በሩ ተንኳኳ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ተንኳኩቶ አያውቅም።

«ቨርና፣ ማስተላለፉ ተቋርጧል» አለ ዘበኛው። «ሆሊስ ሞቷል።»

ቀና ብላ ሰዓቱን አየች። ዘጠኝ ከሃያ። ከልማድ የተነሣ እርሱንም ጻፈችው።

መርማሪ አሪያጋ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ወፍራም ሰው ነበር። ሽማግሌው የወደቀው ከአራተኛው ፎቅ መወጣጫ፣ በደረጃዎቹ መካከል ባለው ክፍተት ነው። ተጫዋቾች ከሕዝቡ ሸሽተው እግራቸውን የሚያፍታቱት እዚያ ነው፤ ካሜራ የለም። በላይኛው ደረጃ ላይ የሟቹ መነጽር በጥንቃቄ ታጥፎ ተቀምጧል።

«የሚዘል ሰው መነጽሩን ያወልቃል» አለ አሪያጋ ለረዳቱ። «ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።»

ቢሆንም መጠየቅ ያለበትን ጠየቀ። መጀመሪያ ሚካ ሌህቶነን የተባለውን ፊንላንዳዊ ተጫዋች አስጠራ።

«ጠዋት በሰው ፊት ‹ሽማግሌ፣ ዛሬ እቀብርሃለሁ› ብለኸዋል።»

«ለሁሉም እላለሁ። እሱም ‹አካፋህን ይዘህ ና› አለኝ። ሁሉም ሳቀ።»

«በእረፍቱ የት ነበርክ?»

«ሲጋራ ማጨሻው በረንዳ ላይ። ሙቀቱ አርባ ሦስት ዲግሪ ነው። እዚያ የቆመ ፊንላንዳዊ ሰው መግደል ይቅርና ክብሪት መጫር የሚችል ይመስልዎታል?»

የበረንዳው ካሜራ ቃሉን አረጋገጠ። ወጣቱ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ።

«ከእረፍቱ በፊት ባለው ዙር ካርታውን ሳያሳየኝ ጥሎ ዙሩን ለቀቀልኝ። ምን እንደያዘ ልጠይቀው ነበር። አሁን ማን ይነግረኛል?»

ቨርና ተራዋን እየጠበቀች መተላለፊያው ውስጥ ተቀምጣ ነበር። አጠገቧ ከጎረቤት ከተማ ከሄንደርሰን እየነዳች የመጣችው የሆሊስ ልጅ ጆዲ ተቀመጠች። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ታየዋለች።

«ጠዋት ደውሎልኝ ነበር» አለች ጆዲ፣ ለማንም ሳይሆን። «ያን ጠረጴዛ እስክትተው ልጆቼን አታያቸውም አልኩት። ‹እሺ› ብሎ ዘጋው። በሕይወቱ እሺ ብሎኝ አያውቅም። እንደሚሄድ እየነገረኝ ነበር፤ አልገባኝም። እኔ ነኝ የገደልኩት።»

ቨርና፣ ይህች ሴት ያን ቃል ዕድሜዋን ሁሉ ተሸክማው ልትኖር እንደሆነ አየች።

በዚህ መካከል ዌስሊ ታራንት መጣ። ሆሊስ አሥራ አምስት ዓመት ያስተማረው ሰው ነው። ባለፈው ዓመት ይህንኑ ውድድር አሸንፏል፤ ዘንድሮ ግን በሁለተኛው ቀን ተሸንፎ ወጥቷል። በጉልበቱ ተንበርክኮ የጆዲን እጅ ያዘ።

«ጆዲዬ፣ ራስሽን አትውቀሺ። አንቺ ምንም አላደረግሽም። ደክሞት ነበር። ከክፍሌ ሆኜ በቴሌቪዥን ሳየው ነው የዋልኩት። ከእረፍቱ በፊት ሁለት ንጉሥ የሚያህል ጠንካራ ካርታ ይዞ ጣለው፣ ታምኛለሽ? የአርባ ዓመት ተጫዋች። ያኔ ነው ሆሊስ ጨርሷል ያልኩት። በልቡ ተነሥቶ ሄዶ ነበር።»

ጆዲ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች።

ቨርና ተነሥታ፣ ሳትጠራ፣ የመርማሪውን በር ከፈተች።

«ማስተላለፉ የተቋረጠው ዘጠኝ ከሃያ ላይ ነው» አለች።

«አውቃለሁ፣ ወይዘሮ ቨርና።»

«ስለዚህ ሕዝቡ ያየው እስከ ስምንት ከሃያ የተጫወቱትን ብቻ ነው። ሆሊስ ሁለቱን ንጉሦች የጣለው ስምንት ከሃያ አምስት ላይ ነው፤ ይኸው፣ ጽፌዋለሁ። ያ ዙር በየትኛውም ቴሌቪዥን አልታየም። ዌስሊ ታራንት ግን አየሁት ይላል።»

አሪያጋ ወረቀቱን አገላብጦ አየ።

«ሌላ ማን ያውቃል?»

«እኔና ሆሊስ።»

«ራስዎን የት እንዳስቀመጡ ይገባዎታል? ወይ ሟቹ ነግሮታል፣ ወይ እርስዎ።»

«ይገባኛል። የዘበኛውን መዝገብ ይዩ። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ጀምሮ ከክፍሉ አልወጣሁም፤ ስልኬ አሁንም ሣጥኑ ውስጥ ነው። ካላመኑኝም ይሰሩኝ። ያቺ ልጅ ግን ያን ቃል ይዛ ቤቷ እንዳትገባ።»

«ሆሊስ ለምን ይነግረዋል?»

«መርማሪ፣ እነዚህን ሰዎች አያውቋቸውም። በእረፍት ሽንት ቤት ሳይደርስ የሚመለስ ተጫዋች አለ። የጣለውን ካርታ ለአንድ ሰው ሳይናገር የሚመለስ ግን የለም።»

አሪያጋ ዘበኛውን አስጠርቶ መዝገቡን ተመለከተ። ከዚያ ለቨርና ጥግ ላይ ያለውን ወንበር አሳያትና ዌስሊን አስገባው።

«ቁጭ በል፣ ዌስ። ክፍልህ ነበርክ አይደል?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«ቴሌቪዥን ስታይ።»

«ሌላ ምን ይሠራል።»

«ንጉሦቹን ሲጥል አየህ።»

«አየሁ። ልቤ ተሰበረ።»

«ሚካስ ምን ይዞ ነበር?»

ዌስሊ ወንበሩን አስተካከለ።

«ቴሌቪዥን የሁሉንም ካርታ ጎን ለጎን ያሳያል» አለ አሪያጋ፣ በዚያው ዝቅተኛ ድምፅ። «የሆሊስን ያየ ሰው የሚካን ሳያይ አይቀርም።»

«አላስተዋልኩም።»

አሪያጋ ወደ ቨርና ዞረ።

«ሁለት አስ» አለች። «ሁለት ንጉሥን የሚበልጥ ያ ብቻ ነው። ሆሊስ ሸትቶት ነው የሸሸው። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት እንደዚያ ያለ አጣጣል አላየሁም። በቴሌቪዥን ያየው ሰው ቆሞ ያጨበጭባል እንጂ ጨርሷል አይልም። ግን ማንም አላየውም። ያ ዙር አልተላለፈም።»

የዌስሊ ፊት አልተለወጠም። እንዳይለወጥ አሥራ አምስት ዓመት ተምሯል። ቨርና ግን ፊቱን አላየችም፤ በእርሷ ክፍል ቴሌቪዥን መስታወት ላይ ሁልጊዜ የሚታዩት እጆች ናቸው። የዌስሊ ቀኝ አውራ ጣት በባዶው ጠረጴዛ ላይ፣ እዚያ የሌለ ካርታ ጫፍ በቀስታ እያነሣ ያይ ነበር። አየ። መልሶ አስተኛው። ደግሞ አነሣው።

«ደረጃው ላይ ነው የነገረኝ» አለ በመጨረሻ። «እየሳቀ። መጀመሪያ ስለ ንጉሦቹ ነገረኝ። ከዚያ ስለ እኔ።»

ያለፈው ዓመት ድል የተሰረቀ ነበር። አሁን ከሥራ የለቀቀ አንድ የመሣሪያ ባለሙያ ከጨርቁ በታች ካለው መሣሪያ እየጠለፈ የሌሎቹን ካርታ በጆሮው ሲያቀብለው ነበር ያሸነፈው። ሆሊስ ክረምቱን ሁሉ ቀረጻውን ሲያይ ከርሟል።

«‹ሰው ይሳሳታል፣ ዌስ› አለኝ። ‹አንተ ያን ቀን አንዴም አልተሳሳትክም። ጨዋታው ሲያበቃ ወይ አንተ በካሜራ ፊት ትናገራለህ፣ ወይ እኔ።› ይቅርታ ጠይቅ አለኝ። ልጁን እንደሚመክር አባት። ከዚህ በኋላ ማንም አብሮኝ ለጨዋታ አይቀመጥም ነበር። ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም። ገፋሁት። አንዴ ብቻ።»

«መነጽሩስ?»

ዌስሊ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ።

«ወድቆ ነበር። ረስቶት በሄደ ቁጥር የማነሣለት እኔ ነኝ። አነሣሁት፣ አጠፍኩት። ለማን እንደሆነ አላውቅም።»

«አምና ማወቅ የሌለብህን ካርታ አውቀህ ከበርክ» አለ አሪያጋ ከወንበሩ እየተነሣ። «ዘንድሮም ማወቅ የሌለብህን አወቅህ። ተነሥ።»

ቨርና ጆዲን ይዛ ወደ ጠባቧ ክፍል ሄደች። ደንቡ ይከለክላል። ዘበኛው ግድግዳ ግድግዳውን እያየ አሳለፋቸው።

«ይህን ማንም አላየውም፣ ልጄ» አለች ቨርና። ቀረጻውንም ከስምንት ከሃያ አምስት አስጀመረችው።

ሆሊስ የካርታዎቹን ጫፍ አነሣ። ንጉሦቹ። ሚካ ጠጠሮቹን ሁሉ ወደ መሐል ገፋ። ሽማግሌው ወጣቱን አየው፤ እጆቹን አየ፤ ብዙ ቆየ። ከዚያ ንጉሦቹን በአንድ ጣት ገፋቸው። ከደረቱ ላይ የተሰካው ድምፅ መቅረጫ ለአዳዩ የተናገረውን ይዞታል፦

«ዛሬ በደንብ ልጫወት። የመጨረሻዬ ነው። ከእሑድ ጀምሮ ልጅ ጠባቂ ሆኛለሁ።»

ጆዲ ወደ ምስሉ ተጠጋች።

«እሺ ያለኝ» አለች ቀስ ብላ፣ «እሺ ማለቱ ነበር።»

እረፍቱ መጣ። ሰዎቹ ተነሥተው ሄዱ፤ ተመለሱ። ቨርና ለማጥፋት እጇን ስትዘረጋ ጆዲ ያዘቻት።

«ይተዉት።»

አዳዩ ለባዶው ወንበር ካርታ ሰጠ። ሰበሰበ። ደግሞ ሰጠ፣ ሰበሰበ። ሁለቱ ሴቶች ሳይነጋገሩ ተቀምጠው ያያሉ። የግድግዳው ሰዓት ይሄዳል። በሦስተኛው ዙር ጥቁሩ ንጉሥና ቀዩ ንጉሥ ጎን ለጎን ወጡ፤ የወንበሩ ቆዳ አሁንም በሰው ልክ ጎድጉዷል።

አዳዩ ጥቂት እንደሚጠብቅ ሆኖ ቆየ። ከዚያ ሳይገልጥ ሰበሰባቸው።