የኮሪያ ነገሥታት ማኅተም

የሃምሳ አለቃ ክንዱ አስከሬን የተገኘው በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ቀትር ላይ ነው። ዘበኛ ሆኖ በሚሠራበት በፋሲል ግቢ፣ ከአንደኛው ግንብ ደረጃ ሥር በጀርባው ወድቆ ነበር። ያየው ሁሉ «አዳልጦት ነው» አለ። ዳኛው የሚባለው የፖሊስ ሻምበል ግን ተንበርክኮ የሟቹን የተጨበጠ እጅ አላቀቀ። ከመዳፉ ውስጥ የአውራ ጣት ጫፍ የምታህል አረንጓዴ ድንጋይ አገኘ፤ ዓይንና አፍ የተቀረጸባት የኤሊ ራስ። ለማንም ሳይናገር ኪሱ ከተታት።

ክንዱ ኮሪያ ዘምቶ ሲመለስ የአገሪቱን የጥንት ነገሥታት ማኅተም ይዞ መጥቶ ነበር። አሁን ማኅተሙ የለም።

«ጧት በቦርሳ ይዞት ወጣ» አለች ሚስቱ እንኳየሁ፣ ፊቷ በለቅሶ ተነጭቶ።

«ምን ይመስላል?»

«ከላዩ ኤሊ አለበት፤ አንገቱን ቀና አድርጎ ሰው የሚያይ ይመስላል። ጌታዬ፣ ደስ ብሎት ነበር የወጣው። ከሴኡል ደብዳቤ ደርሶት ነበር።»

አራዳ ላይ አሮጌ ዕቃ የሚነግደው ፋንታሁን ራሱን ነቀነቀ። «ሸጋ ዕቃ ነበር፤ ከነአንገቱ ከነጥፍሩ! ሽጥልኝ ብዬ ስንት ጊዜ ለመንሁት። ‹የነገሥታቱ ቤተ መዘክር ይጠብቀዋል፤ የሰው አገር ቅርስ አልሸጥም› አለኝ። ማክሰኞ ግን ማክሰኝት ነው የዋልሁት፤ የማኪናውን ሹፌር ይጠይቁ።» ሹፌሩም ተጠየቀ፤ እውነት ነበር።

ማኅተሙን ከሚያውቁት ሳይጠየቅ የቀረው ልብስ ሰፊው ወልደኢየሱስ ነው። ወንድሙ በላቸው የክንዱ ባልንጀራ ነበር፤ ኮሪያ ላይ ሞቷል።

«ክንዱን መቼ አየኸው?»

«ከፋሲካ ወዲህ አላየሁትም።»

«ማኅተሙን ሊሸጥ የሻተ ሌባ ገድሎት ይሆን?»

«ምነው ሻምበል፣ ራሱ የተሰበረ ኤሊ ማን ይገዛል?»

ዳኛው አመስግኖት ወጣ።

ሐሙስ፣ በሠልስቱ፣ ሁሉም ከክንዱ ቤት ተሰበሰቡ። የበላቸውና የወልደኢየሱስ እናት ወይዘሮ አባይነሽም ከእንፍራንዝ መጥተው ነበር። ዳኛው የድንጋዩን ራስ ከጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ይህ ከሟቹ እጅ የተገኘ ነው። ማክሰኞ ጧት ማኅተሙ ሙሉ ነበር፤ እንኳየሁም ፋንታሁንም የሚያውቁት ከነአንገቱ ነው። ማኅተሙ የተሰበረው ሃምሳ አለቃው በወደቀባት ደቂቃ ነው። መሰበሩን ከእኔ በቀር የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ ሊኖር ይችላል፤ አብሮት የነበረው። ወልደኢየሱስ፣ አንተ ራሱ የተሰበረ አልኸኝ።»

ወልደኢየሱስ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ማኅተሙን ሴኡል ከፈረሰው የነገሥታቱ ቤተ መንግሥት አመድ ውስጥ ያገኘው በላቸው ነው። ሲሞት ለክንዱ አደራ ሰጠው። መቃብሩ አዲስ አበባ ነው፤ እናቴ ደርሳ አታውቅም። በየሙት ዓመቱ አቅፋ የምታለቅሰው ያንን ድንጋይ ነበር። ማክሰኞ ክንዱ አስጠራኝና ከደረጃው ላይ ሆኖ ‹ወደ አገሩ ልልከው ነው› ሲለኝ ነጠቅሁት። አልለቅም አለ። ራሱ በእጁ ቀረ፤ እሱ ወደ ኋላ ወደቀ። ስወርድ ትንፋሽ አልነበረውም። የቀረውን ይዤ ሸሸሁ።»

«ለምን እንደ ጠራህ ነገረህ?»

«ፋታ አልሰጠሁትም።»

ዳኛው የሴኡሉን ደብዳቤ አወጣ። ከእንግሊዝኛ ያስተረጎመው ለአንድ መምህር ሰጥቶ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ፦ «‹እርስዎ እንደ ለመኑን፣ ማኅተሙ ከሚቀመጥበት መስተዋት ሥር ኢትዮጵያዊው ወታደር በላቸው ከአመድ አወጣልን ብለን እንጽፋለን። ትክክለኛ አምሳያውንም አስቀርጸን ለእናቱ እንልካለን።›»

ወልደኢየሱስ በሁለት እጁ አፉን ያዘ።

ወይዘሮ አባይነሽ በዝግታ ተነሥተው እንኳየሁ አጠገብ ሄዱ። ለመቀመጥ ግን አልደፈሩም።

«ልጄ በምን እንደ ሳቀ፣ በመጨረሻ ምን እንዳለ የሚነግረኝ ባልሽ ነበር» አሉ። «በየዓመቱ አንድ ያልሰማሁትን ያስታውስልኝ ነበር። እንግዲህ በላቸውን የሚያውቅልኝ ሰው አለቀ።»

እንኳየሁ ከምንጣፉ ላይ ጠጋ አለችላቸው።

ፖሊሶቹ ወልደኢየሱስን ይዘው ሊወጡ ሲሉ ከደጃፉ «እናቴ!» ብሎ ተጣራ።

አባይነሽ ዞረው አላዩትም።

«ሂድ» አሉ። «እኔ እዚህ ለቅሶ አለብኝ።»