መውጫ ያጣ ሙቀት

ይህን የምጽፈው ላስፈራችሁ ብዬ አይደለም። ሰው ማስፈራትም ጉልበት ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ ጉልበት የለኝም።

የሆነውን እንደሆነው ልንገራችሁና ልተኛ።

እሁድ ነበር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ... ፀሐይ አናት የምትበሳበት፣ ውሻ እንኳን ጥላ ፈልጎ የሚጋደምበት ጠራራ። እንዲህ ያለ ነገር ይሆንበታል የሚባል ሰዓት አይደለም።

ግን ሆነ።

የምሠራው ዳቦ መጋገሪያ ነው፤ ሌሊት ሌሊት። ሌላው ሰው ሲተኛ እኔ ምድጃ አፍ ላይ እቆማለሁ። ሌላው ሲነሳ እኔ እወድቃለሁ። እተኛለሁ አላልኩም፤ እወድቃለሁ ነው ያልኩት።

እሁድ ግን የጓደኛዬ ናት።

ጓደኛዬን ሰፈሩ ሁሉ "ራዲያተር" ይለዋል። የመኪና ራዲያተር ጠጋኝ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ከመዶሻና ከብየዳ ጋር በድምፅ ሲፎካከር ስለኖረ ቀስ ብሎ ማውራት አያውቅበትም። ምስጢር ሲነግራችሁ እንኳን ሦስተኛ ቤት ይሰማል። እኔን "ጋጋሪው" ይለኛል። ከተዋወቅን ጀምሮ በሌላ ነገር ጠርቶኝ አያውቅም።

እሁድ እሁድ አንድ ጌም እንጫወታለን። እሱ ከቤቱ፣ እኔ ከቤቴ፣ በሄድፎን እያወራን። መንኮራኩር እየነዱ ህዋ ላይ ጭነት ማመላለስ ነው። ታላቅ እህቴ አንድ ቀን ከኋላዬ ቆማ ስታይ ቆየችና፣ ሳምንቱን ሙሉ ለፍተህ በዕረፍትህ ደግሞ ተሸካሚ ሆንክ ብላ ሳቀችብኝ።

እውነቷን ነው። ግን እዚያ ጸጥታ አለ። ለደከመው ሰው ጸጥታ ከእንቅልፍ አይተናነስም።

በዚህ ጌም ላይ ከወንበዴ ይልቅ የሚገድላችሁ ሙቀት ነው። ህዋ ላይ ነፋስ የለም። ሞተሩ ያመነጨውን ሙቀት ተሸክሞ የሚሄድለት የለም። ስለዚህ መንኮራኩሩ ጎንና ጎኑ ላይ ሰፋፊ ክንፎች አሉት፤ ሲዘረጉ ሙቀቱ በእነሱ በኩል ቀስ እያለ ይወጣል።

ችግሩ፣ ወንበዴ የሚያያችሁም በዚያው ሙቀት ነው።

መደበቅ ከፈለጋችሁ ክንፉን ታጥፋላችሁ። ያኔ ከውጭ ሲያዩአችሁ ቀዝቃዛ ድንጋይ ትመስላላችሁ። ከውስጥ ግን ትቀቀላላችሁ።

ይህን ያስተማረኝ ራዲያተር ነው። በሥራ ቀን የሰው መኪና አቀዘቅዛለሁ፣ እሁድ የራሴን መንኮራኩር፤ ስሞት ደግሞ ከመቅበራችሁ በፊት ውሃዬን እዩልኝ እያለ ይስቅ ነበር።

ያን ዕለት ከሥራ መጥቼ ትንሽ ወድቄ ተነሳሁ። አንገቴ ደርቋል። ዓይኔ ውስጥ አሸዋ የተበተነ ይመስለኛል። ቢሆንም ኮምፒውተሩን ከፈትኩ።

የእሱ መንኮራኩር ቀድሞኝ ገብቷል። ክንፉን አጥፎ ጨለማው ውስጥ ቆሟል።

ሰላም አልኩት። መልስ የለም።

ምሳ ላይ ይሆናል ብዬ ጎኑ ሄጄ ቆምኩ። አብረን ስንሆን የሁለታችን የሙቀት መጠን ስክሪኑ ጥግ ላይ ጎን ለጎን ይታያል። የእኔ አረንጓዴ ነው። የእሱ ቢጫ... ወደ ቀይ የሚሄድ ቢጫ።

ሞተሩን አየሁት። ጠፍቷል።

የጠፋ ሞተር ምኑ ይሞቃል?

ጌሙ ነው የተበላሸው አልኩ። ሰው ሲደክመው ለሁሉም ነገር ቀላል ምክንያት አያጣም።

ከዚያ ጆሮዬ ውስጥ...

"ሞቀኝ።"

በሹክሹክታ።

ራዲያተር እና ሹክሹክታ! ሚስቱ ጋደም ብላ ነው መሰለኝ፣ ዛሬ ሰው ሆነሃል ብዬ ቀለድኩበት። አልሳቀም።

"ወንድሜ... ሞቀኝ።"

ወንድሜ?

"ጋጋሪው" የት ሄደ?

አሞህ ነው ወይ ልለው አፌን ስከፍት፣ የራዳሩ ጫፍ ላይ ቀይ ነጥብ ብቅ አለ። ወንበዴ። ቀስ እያለ ወደ እኛ ይመጣል። ቶሎ ብዬ ክንፌን አጠፍኩ። እኔም ሳላውቀው ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

"እስኪያልፍ ቻለው።"

"ክፈትልኝ።"

"ያየናል። ቻለው።"

"ክፈትልኝ... አልደርስበትም።"

ያኔ ነው ድምፁን ልብ ብዬ ያዳመጥኩት።

በርሜል ውስጥ አንገቱን አስገብቶ የሚያወራ ሰው ድምፅ ነበር። ዙሪያውን ብረት ይመታና ይመለሳል። ከኋላው ምንም የለም። የራዲያተር ቤት ደግሞ ጸጥ ብሎ አያውቅም። ወይ ሬዲዮ አለ፣ ወይ ልጆቹ ይራገጣሉ፣ ወይ ያ ሲሽከረከር የሚያቃስተው ማራገቢያ አለ። አሁን አንዱም የለም።

የእሱ ሙቀት ቀይ ሆነ።

ቀዩንም አለፈ። እዚያ ጋ መንኮራኩሩ መጮህ፣ ከዚያ መበተን ነበረበት። አልጮኸም። አልተበተነም። ሙቀቱ ብቻ ይጨምራል።

ወንበዴው ራቀልን። አልፏል፣ ክንፍህን ዘርጋ አልኩት። አልዘረጋም። ሁለተኛ አልኩት። ምን ነካህ ብዬ ተቆጣሁት።

ቆይቶ...

"ክፈትልን።"

ጣቴ ቁልፉ ላይ ቀረ።

"ልን" ነው ያለው። እንቅልፍ ያጣ ጆሮ ብዙ ነገር ይሰማል ብዬ ራሴን ለማታለል ሞከርኩ። ከዚያ ትንፋሹን ሰማሁ።

አንድ ትንፋሽ አይደለም።

አንዱ የሚቆራረጥ ነው፤ ደረቅ ነገር ላይ የሚጎተት ዓይነት። ሌላው ረጋ ያለ። እንቅልፍ የወሰደው ሰው ትንፋሽ።

"ከማን ጋር ነህ?"



"እሱ መናገር አቁሟል።"

በዚያች ቅጽበት ስልኬ ጠራ።

የራዲያተር ሚስት ነበረች። ባሏ እኔ ጋ መጥቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ጠዋት፣ የጀመርኩትን ሥራ ጨርሼ ለምሳ እመለሳለሁ ብሎ ወጥቶ እስካሁን አልመጣም። ስልኩን ቤት ረስቶታል፤ አሁንም የደወለችው በእሱ ስልክ ነው።

ኮምፒውተሩስ? አልኳት። ማን ከፍቶት ነው?

የእኔን ጤንነት እንደተጠራጠረ ሰው ቀስ ብላ፣ ኮምፒውተሩ ጨርቁን እንደለበሰ ነው፣ ከሳምንት ወዲህ የነካውም የለም አለችኝ።

ስክሪኑን አየሁ። መንኮራኩሩ እዚያው ቆሟል።

ሄድፎኑን ከጆሮዬ አወለቅኩ። ትንፋሹ ግን ወዲያው አልተቋረጠም... እውነት ለመናገር፣ በሩ ጋ እስክደርስ ከኋላዬ ይሰማኝ ነበር።

*አልደርስበትም።*

ምኑን? የጌሙን ክንፍማ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ራሱ ነው የሚከፍተው። የሌላውን መክፈት አይቻልም። ከውጭ በሰው እጅ የሚከፈት ምን አለ?

ያኔ መቀርቀሪያው ትዝ አለኝ።

የራዲያተር መሥሪያ ቦታ አንድ አሮጌ ኮንቴይነር ነው። ከጋራዦቹ ጀርባ፣ ጥላ በሌለበት ግቢ ውስጥ ቆሟል። መስኮት የለውም። መቀርቀሪያው ከውጭ ነው።

እንዴት እንደደረስኩ አትጠይቁኝ። እግሬ የእኔ አልነበረም።

የግቢው ዘበኛ በሩ አጠገብ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዛሬ ማንም የለም ልጄ አሉኝ። ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የኮንቴይነሩን በር ነፋስ ሲያንጓጓው አግኝተው ራሳቸው ቀርቅረውታል። ውስጥ ሰው አለ ወይ ብለው ተጣርተው፣ መልስ ሲያጡ ነው የዘጉት። ከዚያ ወዲህ እዚህ ከተቀመጡበት አልተነሱም። ያንኳኳ የለም። የጮኸ የለም።

መዳፌን ብረቱ ላይ ሳሳርፍ ተቃጠልኩ።

ሸሚዜን እጄ ላይ ጠቅልዬ መቀርቀሪያውን ሳብኩት።

እኔ ሌሊት ሌሊት ምድጃ ስከፍትና ስዘጋ የማድር ሰው ነኝ። ሙቀት ለእኔ ብርቅ አይደለም። ያ በር ሲከፈት ግን ወደ ኋላ ተንገዳገድኩ።

ራዲያተር ከውስጥ፣ የተቆለሉት አሮጌ ራዲያተሮች ጀርባ፣ ካርቶን አንጥፎ ተጋድሟል። ድካም ሲጫነው ሸለብ የሚያደርግበት ቦታ ነው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ቆዳው ደርቋል። ስሙን ጠራሁት፤ እውነተኛ ስሙን። ዓይኑን አልገለጠም።

ግን ይተነፍስ ነበር። የሚቆራረጥ፣ ደረቅ ነገር ላይ የሚጎተት ዓይነት።

ከዘበኛው ጋር ተጋግዘን ወደ ጥላ አወጣነው። ዘበኛው ውሃ አፈሰሱበት። ተጣርቼ ነበር፣ እግዜር ያውቃል እያሉ ይደጋግማሉ። አንድ ባለ ፒክአፕ ለምኜ ሐኪም ቤት አደረስነው።

ሐኪሙ ሙቀቱን ለካው። እንደገና ለካው። ይህን ያህል ጊዜ እንደዚያ ያለ ብረት ውስጥ የቆየ ሰው ከዚህ በላይ መጋል ነበረበት አለ። የሆነ ነገር ሲያቀዘቅዘው ቆይቷል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ።

ምን ልበለው?

ራዲያተር ተረፈ። ሚስቱ ከአልጋው ሥር አልተነቀለችም። በማግሥቱ ከምድጃው በቀጥታ ወደ እሱ ሄድኩ፤ ዱቄቴን እንኳን አላራገፍኩም። እሷ ውሃ ልታመጣ ስትወጣ በእጁ ጠቀሰኝ። ጎንበስ አልኩ።

ድምፁ አልተመለሰለትም። የሚያወራው በሹክሹክታ ነው።

ሸለብ አድርጎት ሲነቃ በሩ ተዘግቷል። ጨለማ ነው። ተነስቶ ሊጮህ ነበር... አጠገቡ የተኛ ሰው ደረቱን ይዞ መለሰው።

"አትጩህ አለኝ። ትንፋሽህን ያዝ። እኔ እጠራልሃለሁ።"

"ማን?"

"አላየሁትም። እጁ ግን... ቀዝቃዛ ነበር።"

ያንን እጅ ግንባሩ ላይ አደረገለት። ደስ አለው። ሙቀቱ ከግንባሩ እየወጣ ወደዚያ እጅ ሲገባ ይታወቀው ነበር፤ ውሃ ሲሳብ እንደሚታወቀው። ከዚያ እጁ ለብ አለ። ከዚያ ሞቀ። ከዚያ ሰውዬው ማቃሰት ጀመረ። ከዚያ ወዲያ እሱ የሚያስታውሰው የለም።

ደግሞ ጠየቀኝ።

"እሱንስ አወጣችሁት?"

ተኛ ብቻ አልኩት።

ምክንያቱም እሁድ ዕለት፣ ገና ፀሐይ እያለ፣ ከሐኪም ቤት ወደ ግቢው ተመልሼ ስሄድ፣ ዘበኛው ካርቶኑን ከኮንቴይነሩ አውጥተው፣ ግንብ አስደግፈው፣ ፊት ለፊቱ ቆመው ያዩት ነበር። ካርቶኑ ላይ የቀረው ላብ ነው። ሰው ተኝቶበት የረጠበ ካርቶን የሰውየውን ቅርጽ ይይዛል፤ ራስ፣ ትከሻ፣ ጀርባ፣ ተረከዝ።

"ልጄ... ሁለት ናቸው እኮ።"

ሁለት ነበሩ። ጎን ለጎን፣ በጀርባቸው። ትልቁ የራዲያተር ነው። ሁለተኛው ቀጠን ያለ፣ ረዘም ያለ።

የራዲያተር ቅርጽ ዓይናችን እያየ በፀሐዩ ደረቀ።

ራዲያተር አሁን ሥራ ጀምሯል፤ በሩን ነቅሎ ጥሎታል። ጌሙን አይጫወትም፤ እኔም ትቼዋለሁ። እሁድን እተኛለሁ። መተኛት ከተባለ።

ካርቶኑን ግን ማንም ሊያነሳው አልደፈረም። እዚያው ግንቡ ላይ እንደተደገፈ ነው። ዝናብ ከጠፋ ሰንብቷል፤ ግቢው አቧራ ብቻ ሆኗል።

ዛሬ ጠዋት ከሥራ ስመለስ እግሬ ወደዚያ ወሰደኝ። ፀሐዩ ፊት ለፊት ይመታዋል።

እርጥብ ነው።

መዳፌን አስጠጋሁ። ነካሁት። ይሞቃል... የፀሐይ ሙቀት አይደለም። እንቅልፍ የወሰደውን ሰው ጀርባ ስትነኩ የሚሰማችሁ ሙቀት ነው።

ከዚያ ወደ ኋላ ሄጄ ከሩቅ አየሁት።

ቀጠን ያለው ቅርጽ ያን ዕለት ስናየው በጀርባው የተኛ ነበር። ዘበኛውም አይተዋል፤ እኔም በዓይኔ አይቻለሁ።

አሁን በጎኑ ዞሯል። ጉልበቱን አጥፎ፣ አንድ እጁን ወደ ካርቶኑ ጫፍ ዘርግቷል።