አምስተኛው ምልክት

ወረቀቱ ተገንጥሎ ተወስዷል።

ሳጅን ሳሊሀ ቆቦ ካለው የቴክኒክ ኮሌጅ ስትደርስ፣ ተማሪዋ ፀዲ ደብተሯን አቅፋ ታለቅሳለች። የሦስት ወር ልፋቷ፣ የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያው ንድፍ፣ የለም። ውድድሩ ደግሞ ዛሬ ነው። ያሸነፈ ተማሪ መሣሪያው መጀመሪያ የማን ማሳ ላይ እንደሚተከል ይመርጣል። ጎብዬ ላይ ያለው የእናቷ ሽንኩርት በውሃ ጥም እየጠወለገ ነው።

«ክፍሉን ማን ከፈተው?»

«የጽዳቷ እትዬ ከፈለች ናቸዋ! ቁልፍ ያላቸው እሳቸው ብቻ ናቸው» አለ የክፍል ጓደኛዋ ጌታሁን፣ ቀልጠፍ ብሎ።

እትዬ ከፈለች ተጠሩ። «ወረቀት ሰርቄ ምን ላደርገው ልጄ? እኔ ስጠርግ ይኸው ልጅ ‹ቻርጀር ረስቻለሁ› ብሎ ገባ፤ ወጣ። በቃ።»

ሳሊሀ ወደ ጌታሁን ዞረች። እሱ ላፕቶፑን ከፍቶ ንድፍ አሳያት።

«የኔ ነው!» ጮኸች ፀዲ።

«የኔ ነው እንጂ! የቀዳችው እሷ ናት።»

የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ ማለት ይኼኔ ነው።

ሳሊሀ ስለ ኤሌክትሮኒክስ የምታውቀው ስልኳን ቻርጅ ማድረግ ብቻ ነው። ሰው ግን ታውቃለች። «ያንተ ከሆነ ሲሠራ አሳየኝ» አለችው።

ጌታሁን ሲሙሌሽኑን፣ ንድፉ መሥራቱን በኮምፒውተር የሚሞክረውን፣ አስጀመረ። ፓምፑ ሲነሳ ከፍ ማለት የነበረበት የስክሪኑ መስመር ተጋድሞ ቀረ። ደገመው። ያው ነው።

የክፍሉ መምህር አቶ ተዋቸው ጠጋ ብለው አዩ። «ይህ ፓምፑን የሚያዘው ቺፕ አንድ ዕቃ ነው፤ ንድፍ ላይ ግን በአምስት ምልክት ይሳላል። አራቱ ይሠራሉ፤ አምስተኛው ኤሌክትሪክ ያስገባላቸዋል። ከሲሙሌሽን በፊት አምስቱንም ኮምፒውተሩ ውስጥ ካለው የቺፑ ሞዴል ጋር እግር በእግር ማገናኘት አለብህ። አምስተኛው የታለ?»

ጌታሁን ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች አሰሰ።

ፀዲ እንባዋን ጠርጋ ደብተሯን ገለጠች። «ይኸው! ቦታ ቢያንሰኝ ቀጣዩ ወረቀት ላይ ነው የሳልኩት።»

ላፕቶፑን ሳበች፤ አምስተኛውን ጨመረች፤ እግሮቹን አንድ በአንድ አገናኘች። መስመሩ ብድግ አለ። እትዬ ከፈለች እልልታቸውን አቀለጡት።

ጌታሁን የተገነጠለውን ወረቀት ከጃኬቱ አወጣ። «ሮቢት ያለው የአባቴ ማሽላ እየደረቀ ነው። ቀድሞ እንዲደርሰው ብዬ... ሰይጣን አሳሳተኝ።»

«ወላሂ፣ አፍ የተሰጠህ ለመብላት ብቻ ነው?» አለች ሳሊሀ። «ጠይቀሃት ቢሆንስ?»

ፀዲ ሳቋ አመለጣት። «ሳጅን፣ ክሱን ትቼዋለሁ። ካሸነፍኩ ጎብዬ አንደኛ፣ ሮቢት ሁለተኛ። የሁለቱንም ቦይ ግን እሱ ይቆፍራል!»

ፀዲ አሸነፈች፤ ጌታሁንም ቆፈረ። ውሃው የእናቷ ሽንኩርት ውስጥ ሲገባ፣ ከሁሉ በላይ የጨፈረው እስከ ጉልበቱ ጭቃ የለበሰው ጌታሁን ነበር።