ቁንዶና የእህቷ ዓሣ

ቁንዶ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከእናቷ፣ ከአባቷና ከታናሽ እህቷ ጋር ከልብስ ስፌት ሱቅ ጀርባ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ትኖር ነበር። «ቁንዶ» የቤት ስሟ ነው። እንደ ቁንዶ በርበሬ ትንሽ ሆና ስለምታቃጥል አባቷ ያወጣላት ስም ነው። ታናሿ ስድስት ዓመቷ ነው። ሳቋ ቶሎ ቶሎ ስለሚፈነዳ «ፈንዲሻ» ይሏታል። አንተ ከኋላ የምትስቀው፣ ያንተንም የቤት ስም አውቃለሁና አርፈህ አዳምጥ!

አባታቸው ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ ውስጥ ደንበኞች አዲስ ልብስ ለብሰው ራሳቸውን የሚያዩበት ትልቅ መስታወት አለ። ከእሱ አጠገብ ደግሞ የዓሣ ገንዳ አለ። ከብርጭቆ የተሠራ፣ ውስጡ የሚታይ ገንዳ ነው። ሁለት ዓሦች ይኖሩበታል። ብርቱካናማው የፈንዲሻ ነው፤ ስሙም አለቃ ነው። ቡናማው የቁንዶ ነው፤ እሱን ዝምታ ይሉታል።

እነዚህ ዓሦች አንድ ነገር ተምረዋል። አባት ክር ለመቀየር የስፌት መኪናውን ሲያቆም፣ በዚያው ተነስቶ ምግብ ይበትንላቸዋል። ስለዚህ የመኪናው ድምፅ ጸጥ ሲል አለቃ እየተጣደፈ ወደ ላይ ይወጣል። ዝምታ ከኋላው ይከተላል። አለቃ ካልወጣ ዝምታ አይወጣም። አለቃ ወደ ግራ ሲዞር እሱም ወደ ግራ ነው።

ደንበኞች ይህን ሲያዩ ይገረማሉ።

«ውይ! ይሄ ብርቱካናማው የማን ነው?»

«የኔ!» ትላለች ፈንዲሻ።

«ባለቤቷም ዓሣዋም ሲያምሩ!» ብለው ጉንጯን ይስሟታል። ቡናማው የማን እንደሆነ ግን የሚጠይቅ የለም።

ያኔ ቁንዶ እርር ድብን ትላለች። «ሁሌ እሷ! ሁሌ የሷ ዓሣ!» ትላለች በሆዷ። ልጆች፣ ቅናት ክፉ ነው። እኔም በናንተ ዕድሜ በእህቴ አዲስ ጫማ ቀንቼ ሦስት ቀን አኩርፌያለሁ። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው።

አንድ ቀን አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን ልትወስድ መጣች። ከቦርሳዋ ከረሜላ አወጣችና «ይሄ ለአለቃ እናት!» ብላ ለፈንዲሻ ሰጠቻት። ቁንዶ እዚያው አጠገባቸው ቆማለች። «ለዝምታ እናትስ?» ልትል ፈለገች፤ ሴትየዋ ግን ቀሚሷን ይዛ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ እናትና አባት ጓዳ ገብተው ልብስ ይተኩሱ ነበር። ፈንዲሻ ተኝታለች። ቁንዶ የሻይ ማጥለያ አመጣች። አለቃን ጠልፋ አወጣችውና ውኃ ባለበት የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወደ ክፍል ጓደኛዋ፣ ወደ ሰፈሩ አናጢ ልጅ ቤት በሩጫ ሄደች።

«እንቺ፣ ስጦታ ነው። ለማንም እንዳትናገሪ!»

ፈንዲሻ ስትነቃ በቀጥታ ወደ ገንዳው ሄደች።

«አለቃስ? እታለም፣ አለቃ የት አለ?»

«ከመንገድ ማዶ ያለችው ድመት በላችው» አለች ቁንዶ። «በዓይኔ አይቻታለሁ።»

አያችሁ? አንዱ ጥፋት ሌላውን ጎትቶ አመጣ። የድመቷ ባለቤት የፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ ናት። ሴትዮዋ ይህን ስትሰማ አፍራ ድመቷን በገመድ አሰረቻት። ምንም ያላጠፋችው ድመት በሩ ላይ ታስራ ስትጮህ ዋለች። ፈንዲሻም ስታለቅስ ዋለች። እናቷ «የኔ እናት፣ ሌላ እንገዛልሻለን» ብላ ብታባብላት፣ «ሌላ አልፈልግም!» አለች።

ቁንዶ ግን ደስ ብሏታል። «ከእንግዲህ ሁሉም የሚያየው ዝምታዬን ነው» አለች።

በማግስቱ አባት የስፌት መኪናውን አቆመና ምግብ በተነ። ዝምታ አልወጣም። ትልቁ መስታወት ባለበት በኩል፣ አፍንጫውን ብርጭቆው ላይ ለጥፎ ቆሟል።

«ና እንጂ!» አለች ቁንዶ። «አሁን እኮ አለቃው አንተ ነህ!»

ዝምታ ንቅንቅ አላለም። ምግቡ ቀስ እያለ ታች ወረደ። በሁለተኛው ቀንም አልበላም። በሦስተኛው ቀን ክንፉን ሰብስቦ ወደ አንድ ጎኑ ማዘንበል ጀመረ። አንድ ደንበኛ አየውና «ይሄ ነገር ሊሞት ነው መሰለኝ» አለ።

አባት አጎንብሶ ብዙ ጊዜ ተመለከተው።

«ቁንዶ፣ እስኪ ነይ። በዚህ በኩል እዪ። ትልቁ መስታወት ላይ የራሱን መልክ እያየ ነው። አለቃ የመጣ መስሎታል።»

«አለቃ የመጣ?»

«ምን ያድርግ፣ አብረው ነው ያደጉት። መቼ ወጥቶ እንደሚበላ እንኳ የሚያውቀው ከሱ ነበር። እንዲህ ከቀጠለ የሚሰነብት አይመስለኝም።»

ቁንዶ እውነቱን ብትናገር ውሸታምነቷ ሊታወቅ ነው። ዝም ብትል ደግሞ ዝምታ ሊሞት ነው። ደንበኞች ልብስ ከሚቀይሩበት መጋረጃ ጀርባ ገብታ «እግዚአብሔር ሆይ፣ ዓሣዬን አድንልኝ» ብላ ጸለየች። ግን ልቧ አላረፈም። አለቃ የት እንዳለ እያወቁ «አድንልኝ» ማለት ምን ይባላል? እሷም ገባት። ከመጋረጃው ወጣች።

«አባዬ... ድመቷ አልበላችውም። እኔ ነኝ የወሰድኩት።»

ሁሉንም ነገረችው፤ ፈንዲሻም በሩ ላይ ቆማ ሰማች። እናቷ ቁልፍ እየተከለች ነበር፤ መርፌዋን እንደያዘች ቀረች። አባቷ መቀሱን አስቀመጠ። አልመታትም፤ አልጮኸባትምም።

«ሂጂና አምጪው» አለ ብቻ። ልጆች፣ ያ ከጩኸት ይብሳል።

ቁንዶ በረረች። የአናጢው ልጅ አለቃን በባልዲ አስቀምጣዋለች።

«ሰጥተሽ ትነጥቂያለሽ እንዴ?» አለች ከንፈሯን ጥላ። ደግሞ ወደ ባልዲው አየችና «ውሰጂው በቃ። ብቻውን ሲዞር ነው የሚውለው፤ አንጀቴን በላው» አለች።

አለቃ ወደ ገንዳው ተመለሰ። አንድ ዙር ዞረ። ዝምታ አልተንቀሳቀሰም። አባት የስፌት መኪናውን ትንሽ አስጮኸና ቀጥ አደረገው። አለቃ ወደ ላይ ተወነጨፈ። ያን ጊዜ ዝምታ አፍንጫውን ከብርጭቆው አነሳ፤ እየተንገዳገደ ተከተለው፤ አንዲት ፍርፋሪ ዋጥ አደረገ።

«በላ! አባዬ፣ በላ!» ቁንዶ አጨበጨበች። እህቷም የምትስቅ መስሏት ዞር አለች።

ፈንዲሻ አልሳቀችም።

«ዝምታ ሲያዝን ጊዜ መለስሽው» አለች። «እኔ ሳለቅስ ግን አላየሽኝም?»

እውነት ነዋ! የሚተኙት አንድ አልጋ ላይ ነው። ፈንዲሻ ሦስት ሌሊት ስትንሰቀሰቅ ቁንዶ ሰምታታለች፤ ሰምታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። ለዓሣው ያዘነች ልጅ ለገዛ እህቷ አላዘነችም። አሁን እንባዋ መጣ፤ ስለ ዓሣው አልነበረም።

«በድዬሻለሁ፣ እህቴ» አለች ተንበርክካ። «ሰው ሁሉ አንቺን ብቻ ሲወድ ቀናሁብሽ። ይቅር በይኝ።»

ፈንዲሻ «ድመቷንም ፍቺያት» አለች።

«እሺ።»

«አሁኑኑ!»

አብረው ወጡ። መንገዱን ሲሻገሩ ፈንዲሻ የእህቷን እጅ አልያዘችም፤ የእጅጌዋን ጫፍ ብቻ ነው የያዘችው። ቁንዶ ለፎቶ ኮፒ ቤቷ ሴትዮ እውነቱን ተናገረች። ሴትዮዋ በደንብ አድርጋ ተቆጣቻት፤ ደግ አደረገች። ቁንዶ አንገቷን ደፍታ ሰማች፤ ገመዱንም በገዛ እጇ ፈታች።

ሲመለሱ መንገዱ ዳር ቆሙ። መኪና እስኪያልፍ ሲጠብቁ ፈንዲሻ እጅጌውን ለቀቀችና እጇን ሰጠቻት።

ልጆቼ፣ ቅናት የእህታችንንና የወንድማችንን እንባ እንዳናይ ዓይናችንን ይጋርዳልና፣ በሌላው ደስታ ደስ የሚለው ልብ እንዲሰጠን እግዚአብሔርን እንለምነው።